ጤና፣ ደኅና፣ መዳን፦ የሦስት ቃላት ታሪክ በሕክምና ዐይን

የዓለም ጤና ድርጅት መቋቋሚያ ሰነድ እ.ኤ.አ. ጁላይ 22 ቀን 1946 በኒውዮርክ ከተማ በ61 አገሮች ወኪሎች ተፈረመ፤ በሥራ ላይ የዋለውም እ.ኤ.አ. አፕሪል 7 ቀን 1948 ነው። በየዓመቱ የሚከበረው የዓለም የጤና ቀን የዚሁ መታሰቢያ መሆኑን አብዛኛው የጤና ባለሙያ ያውቃል። ከሰነዱ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የታወቀው ግን በመግቢያው ላይ ጤናን የሚተረጉመው ዐረፍተ ነገር ነው። ጤና ማለት የበሽታ ወይም የአካል ጉድለት አለመኖር ብቻ ሳይሆን በአካል፣ በአእምሮና በማኅበራዊ ኑሮ የተሟላ ደኅንነት ነው የሚለውን ይህን ትርጓሜ በሕክምናም ሆነ በነርስነት ትምህርት ቤት ያለፈ ሁሉ በመጀመሪያው ዓመት በቃሉ አጥንቶታል፤ ለፈተናም ጽፎታል። እንግሊዝኛው «ዌል ቢይንግ»፣ ፈረንሳይኛው «ቢየን ኤትር» የሚሉትን እኛ በአማርኛ «ደኅንነት» ብለነዋል። ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ይህንኑ ቃልና ዘመዶቹን ነው። ቃሉ ከየት መጣ? ወደ ሕክምና ሥራችን ሲገባስ ምን ይዞ ገባ፣ ምንስ ጥሎ ቀረ?

በቅድሚያ ስለ ትርጓሜው አመጣጥ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ሐሳቡ በ1946 ከሰማይ የወረደ አልነበረም። በትውልዱ ስዊዘርላንዳዊ ከወላጆች በፓሪስ የተወለደው የሕክምና ታሪክ ሊቅ ሄንሪ ሲገሪስት እ.ኤ.አ. በ1941 ባሳተመው መጽሐፉ ጤናን የበሽታ አለመኖር ብቻ አድርጎ ማየት እንደማይበቃ፣ ይልቁንም ጤና በጎ የሆነና በደስታ የሚኖር ነገር መሆኑን አስተምሮ ነበር። የሲገሪስት ወዳጅ የነበረው ዩጎዝላቪያዊው ሐኪም አንድሪያ ሽታምፓር በጦርነቱ ዘመን በጀርመኖች ታስሮ ከቆየ በኋላ ከሰነዱ አርቃቂዎች አንዱ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1948 በጄኔቫ የተካሄደውን የመጀመሪያውን የዓለም የጤና ጉባኤም በሊቀ መንበርነት መራ። የድርጅቱ የመጀመሪያ ዋና ዳይሬክተር የሆነው ካናዳዊው ብሮክ ቺሽሆልም ደግሞ የአእምሮ ሐኪም ነበር። «አእምሮ» የሚለው ቃል ከአካል ቀጥሎ፣ «ማኅበራዊ» የሚለውም ከአእምሮ ቀጥሎ የተጻፈው ከተሞች ፈርሰው፣ ሚሊዮኖች ከየአገራቸው ተሰደው፣ ረኀብና ታይፈስ ባልራቀበት ወቅት በተሰበሰቡ እንደነዚህ ባሉ ሰዎች እጅ ነው። በዚያ ሁኔታ ውስጥ የሳንባ ነቀርሳ የሌለበት ሰው ሁሉ ጤነኛ ነው ብሎ መጻፍ አይቻልም ነበር።

ትርጓሜው እስከ ዛሬ አንዲት ፊደል አልተለወጠችበትም። የተቃወሙት ግን ብዙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1998 የድርጅቱ ሥራ አስፈጻሚ ቦርድ መንፈሳዊ ደኅንነት የሚል ሐሳብ እንዲጨመርበት ያቀረበውን ጉባኤው በተከታዩ ዓመት ሳይወስንበት አሳድሮታል። ከዚህ የበለጠ የሚያሳስበው ተቃውሞ «የተሟላ» በሚለው ቃል ላይ የተነሣው ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ኔዘርላንዳዊቷ ሐኪም ማኽቴልድ ሁበርና ባልደረቦቿ በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ላይ እንዳመለከቱት፣ የተሟላ ደኅንነት የሚባለው መስፈርት በጥብቅ ከተወሰደ አብዛኛውን የሰው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ በሽተኛ ያደርገዋል። ስለዚህ ጤና በሚገጥመው ችግር ውስጥ ራስን አስማምቶና መርቶ የመኖር ችሎታ ነው ቢባል ይሻላል አሉ። ይህን ክርክር እዚህ ላይ ላቁመውና ወደ አገራችን ልመለስ፤ ምክንያቱም አማርኛ በዚህ ጉዳይ የሚለው ነገር አለው ብዬ አምናለሁ።

የድርጅቱ ሰነድ በእኩልነት የጸናው በቻይንኛ፣ በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛ፣ በሩሲያኛና በስፓንኛ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1947 የድርጅቱ አባል ስትሆን፣ በ1940 ዓ.ም. ደግሞ ራሱን የቻለ የሕዝብ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ስታቋቁም ሐሳቡን በራሷ ቃል መናገር ነበረባት። ተርጓሚዎቹ ቃላትን ከባዶ አልፈጠሩም፤ ብዙ መቶ ዓመታት ያገለገሉ፣ የቤተ ክህነትና የቤት ውስጥ ትርጉም የተሸከሙ ሦስት ቃላት ከፊታቸው ነበሩ።

የመጀመሪያው «ጤና» ነው። ከግእዙ «ጥዒና» የመጣ ሲሆን፣ «ጥዕየ» ማለት ጤነኛ ሆነ፣ ከደዌው ተነሣ ማለት ነው፤ ጤነኛውም «ጥዑይ» ይባላል። ትግርኛ የጉሮሮውን ድምፅ ጠብቆ «ጥዕና» ሲል አማርኛ «ዐ»ን ጣለና «ጤና» አለ። አነጋገሩ ስለሚቀራረብ «ጣዕም» ከሚለው ጋር ለማዛመድ የሚፈተን ቢኖር፣ የዚያ ሥሩ ሌላ ነው። የሚገርመው አማርኛ ስሙን ወርሶ ግሱን አለመውረሱ ነው። ስለዚህም በአማርኛ ጤና ሰው የሚያደርገው ነገር ሳይሆን ያለው፣ ያጣው ወይም የሚሰጠው ነገር ሆነ፦ ጤና አለው፣ ጤና አጣ፣ ጤና ይስጥልኝ። በዚህ በመጨረሻው ሰላምታ ውስጥ ያለችውን «ልኝ» ልብ ይሏል። ላንተ ይስጥ ማለት ብቻ ሳይሆን ለእኔ ሲል ይስጥህ ማለት ነው፤ የሌላው ጤና የተናጋሪው ጥቅም ሆኖ ተቈጥሯል። ስለ ወረርሽኝና ስለ ክትባት የሚያስተምር ሰው ከዚህች ቅጥያ የተሻለ ማስረጃ የሚያገኝ አይመስለኝም።

«ጤና» ሌላም ነገር ይዟል። በተራው አነጋገር «እሱ ጤነኛ አይደለም» ሲባል ሰሚው የሚያስበው ሳንባውን ወይም ጉበቱን ሳይሆን አእምሮውን ነው። እንግዲህ የአእምሮን ነገር በጤና ትርጉም ውስጥ ለማስገባት አማርኛ እስከ 1946 መጠበቅ አላስፈለገውም ማለት ነው። ግን ይህ ክፉ ጎንም አለው፤ ቃሉ አእምሮን የሚያነሣው በነቀፋ ጊዜ ብቻ ነው። የመንፈስ ጭንቀት ያለበትን ሰው «የአእምሮ ጤናህ እንዴት ነው?» ብሎ መጠየቅ በብዙ ቤት «አብደሃል ወይ?» ከማለት እምብዛም አይለይም። በገጠር የሠራ ባለሙያ ሁሉ ይህን ያውቀዋል።

ሁለተኛው ቃል «ደኅና» ነው። የዚህ ሥር የግእዙ «ድኅነ» ሲሆን ትርጉሙ ዳነ፣ ተረፈ፣ ከአደጋ አመለጠ ማለት ነው። ከዚህ አንድ ሥር የወጡት ብዛታቸው የሚያስደንቅ ነው፦ ደኅና፣ ደኅንነት፣ ድኅነት፣ መዳን፣ አዳኝ፣ መድኅን፣ መድኃኒት፣ እንዲሁም ዛሬ በየቀበሌው የምንሰማው መድን። እ.ኤ.አ. በ2011 በ13 ወረዳዎች የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በስሙ ውስጥ «ጥዒና»ንና «ድኅነ»ን አጋብቶ ይዟል፤ ስያሜውን ያወጡት ሰዎች ይህን አስበውበት እንደሆነ ባላውቅም ጥሩ ጋብቻ ነው። አንድ የፊደል ነገር ግን ሳላነሣ ላልፍ አልችልም። «ድኅነት» ከ«ድኅነ» ሲሆን መዳን ማለት ነው፤ «ድኽነት» ወይም «ድህነት» ደግሞ «ደኸየ» ከሚለው የመጣና ማጣት ማለት ነው። በአነጋገር ሁለተኛው «ነ»ን ስለሚያጠብቅ ይለያሉ፤ ጽሕፈታችን ግን ማጥበቅን አያሳይም። ሁሉንም «ሀ» እንደ አንድ መጻፍ ከተለመደ ወዲህ መዳንና ማጣት በወረቀት ላይ አንድ መልክ ሆነዋል። በ1990ዎቹ ዓ.ም. በብዙ ሰነድ ላይ የነበረው «የድህነት ቅነሳ» በተሳሳተ «ኅ» ሲጻፍ ቤተ ክህነት ያደገ አንባቢ የመዳን ቅነሳ ብሎ ቢያነበው አይፈረድበትም። በማኅበራዊ ጤና የሚሠራ ሰው ሁለቱ ነገሮች በፊደል ባይሆን በኑሮ ምን ያህል እንደሚራራቁ ያውቃል።

ወደ «ደኅና» ልመለስ። ቃሉን ከ«ጤና» የሚለየው ልኩን አለማጋነኑ ነው። ደኅና ሰው፣ ደኅና ገንዘብ፣ ደኅና እህል ስንል ፍጹም ማለታችን አይደለም፤ የሚበቃ፣ የሚያስኬድ፣ የማያሳፍር ማለታችን ነው። ሁለተኛውም ልዩነት ቃሉ በአንድ ሰው አካል የማይወሰን መሆኑ ነው። በገጠር ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ጥያቄው እንደምን አደርክ ተብሎ አያበቃም። ልጆቹ ደኅና? እናትህስ ደኅና ናቸው? ከብቱ ደኅና? አዝመራው እንዴት ነው? እየተባለ ይቀጥላል። የኒውዮርኩ ሰነድ «ማኅበራዊ» ብሎ በአንድ ቅጽል ያለፈውን ይህ የሰላምታ ሰንሰለት ቤት በቤት ይቈጥረዋል። ከብቱ ያለቀበት ሰው ትኩሳት ባይኖረውም ደኅና አይደለም። ስኳሩን ይዞ የሚያርስ፣ ልጆቹን የሚያስተምር ሰው ግን ደኅና ነው።

በዚህ ረገድ አማርኛ ብቻውን አይደለም። ሮማውያን «ሳሉስ» ሲሉ ጤናንም፣ ደኅንነትንም፣ መዳንንም፣ ሰላምታንም በአንድ ቃል ይናገሩ ነበር። «ሰላም» ራሱ በሴማውያን ቋንቋዎች የመላ፣ ያልጎደለ የሚል ሥር አለው። በግእዝ «ሐይወ» መኖርም መፈወስም ነው። በወሎና በሌላውም አካባቢ ያሉ ሙስሊም ወገኖቻችን የሚሉት «ዓፊያ» በዓረብኛ ይቅርታ ከሚለው ቃል ጋር ሥሩ አንድ ነው፤ ይህም የታመመን ወይም ያነጠሰን ሰው «ይማርህ» ከምንለው ጋር ይገጥማል። ሕመም ምሕረት የሚፈልግ ነገር ነው የሚለው እምነት በሁለቱም ሃይማኖት ልማድ ውስጥ በቃሉ ላይ ታትሞ ቀርቷል።

ሦስተኛው «መዳን» ነው፤ ለሥራችን እጅግ አስቸጋሪው እሱ ነው። «ዳነ» ሲባል ነገሩ አልቋል ማለት ነው። ሰው ከሞት ይድናል፣ ከጠላት ይድናል፣ ከኃጢአት ይድናል፤ በከፊል የሚድን የለም። «መድኃኒት» በግእዝ በመጀመሪያ ደረጃ መዳን፣ አዳኝ ማለት እንጂ ቅጠልና ሥር ማለት አልነበረም። ለዚያ «ፈውስ» ወይም «ሥራይ» የሚሉ ቃላት ነበሩ። «ሥራይ» ከጊዜ በኋላ ወደ ጥንቆላው ጎን ሲያዘነብል «መድኃኒት» ቦታውን ወሰደ። የቅጠላ ቅጠሉንና የጸሎቱን ጥበብ አንድ ላይ የያዙት የብራና መጻሕፍት «መጽሐፈ መድኃኒት» ይባላሉ፤ ፖላንዳዊው ሊቅ ስቴፋን ስትሬልሲን እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ ከእነዚህ ብዙዎቹን መርምሮ አሳትሟል። ግን «መድኃኒት» የሸሸውን ጥርጣሬ ጨርሶ አላመለጠም። ዛሬም «መድኃኒት አበሉት» ስንል መርዝ ወይም መተት አበሉት ማለታችን ነው። በአንድ ቃል ውስጥ መድኃኔ ዓለምም የአይጥ መድኃኒትም አሉ። የጥንት ግሪኮች «ፋርማኮን» የሚሉትም እንዲሁ መድኃኒትም መርዝም ነበር። ታካሚ የምንሰጠውን ክኒን በጥርጣሬ አገላብጦ ሲያየው አላዋቂነት ነው ብለን ከመፍረዳችን በፊት ይህን ማሰብ ይገባል። የሚያዝዘው ሰውም ቢሆን ስሙን ያገኘው ከመድኃኒቱ ሳይሆን ከዕውቀቱ ነው፤ «ሐኪም» በዓረብኛም በግእዝ ዘመዶቹም ጥበበኛ ማለት ነው። በልጅነታቸው እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ በእንግሊዞች ተወስደው በሕንድ ሕክምና የተማሩት ወርቅነህ እሸቴ ወደ አገራቸው ሲመለሱ «ሐኪም ወርቅነህ» የተባሉት በዚህ ማዕርግ ነው።

እንግዲህ ዘመናዊው ተቋም ከሦስቱ ቃላት «ጤና»ን መረጠና ከጎኑ «ጥበቃ»ን አቆመ። ይህ ምርጫ በዘመኑ ትክክለኛ ነበር። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ጥበቃ ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በቡድን ሲያሠለጥን ዓላማው ወባን፣ ፈንጣጣን፣ ታይፈስን መከላከል ነበር። ጤና እንደ አዝመራ የሚጠበቅ ነገር ሆኖ ተሳለ። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የተስፋፋው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምም በ16ቱ ፓኬጆቹ ይህንኑ ጥበቃ እስከ ቤት ደጃፍ አደረሰው። ዛሬ ሚኒስቴሩ «ጥበቃ»ን ትቶ «ጤና ሚኒስቴር» ብቻ ይባላል። በመጽሐፍ ላይ ደግሞ «ዌል ቢይንግ»ን ለመተርጎም «ደኅና» ወደ ረቂቅ ስም ተለውጦ «ደኅንነት» ተባለ። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ቃሉ ከዚያ ወዲህ ሌላ ሥራ ያዘ። «ደኅንነት» ዛሬ ለአብዛኛው ሰው በመጀመሪያ የጸጥታ መሥሪያ ቤት ነው፤ ቀጥሎ የምግብ ደኅንነት፣ የትራፊክ ደኅንነት፣ የታካሚ ደኅንነት ነው። ሁሉም ከአደጋ መጠበቅ ማለት ናቸው። ተማሪው «የተሟላ ማኅበራዊ ደኅንነት» የሚለውን ሲያነብ የሚታየው ፖሊስ ወይም የጡረታ መዋጮ ቢሆን ጥፋቱ የእሱ አይደለም። «ምቾት»፣ «ደስታ»፣ «ብልጽግና» የሚሉትን በምትኩ የሚጠቀሙ አሉ። ሁሉም የተመቸውን ሰው ብቻ የሚመለከቱ ስለሆኑ ከ«ደኅንነት» የተሻሉ አይመስሉኝም።

ይህ የቃላት ክርክር ብቻ ቢሆን ኖሮ ለሐኪሞች መጽሔት ባልጻፍኩት ነበር። በተመላላሽ ክፍል የየዕለቱ ልምዳችን ይህ ነው፦

«እማማ፣ እንደምን አደሩ?»

«ደኅና፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ምን ሆነው መጡ?»

«ኧረ ደኅና አይደለሁም ልጄ። ይሄው እንቅልፍ ካጣሁ ወራት አለፈኝ፤ ልቤን ያቃጥለኛል።»

በሁለቱ መልሶች መካከል ተቃርኖ የለም። የመጀመሪያው «ደኅና» የምስጋና ቃል ነው፤ ሁለተኛው የምርመራ መረጃ ነው። ወረፋው ሲበዛ፣ በተለይም በክትትል ቀን፣ ብዙዎቻችን የምንመዘግበው የመጀመሪያውን ነው። «ቅሬታ የለም» ተብሎ ካርዱ ላይ ይጻፋል፤ መድኃኒቱ ይደገማል፤ ሰውየው ይሄዳል። የልብ ማቃጠሉ የጨጓራ ይሁን የሐዘን ለመለየት ግን ሁለተኛው ጥያቄ መጠየቅ አለበት። ይህም ጥያቄ ከመጻሕፍት የሚቀዳ አይደለም፤ የሰላምታው ሰንሰለት ራሱ አዘጋጅቶታል። «ቤቱስ? ልጆቹስ?» ብሎ የሚቀጥል ባለሙያ ከ«የአእምሮ ጤናዎ እንዴት ነው?» ይልቅ ብዙ ይሰማል።

«መዳን» ያመጣው ጉዳት ደግሞ የከፋ ነው። የፀረ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት በአገራችን በነጻ መሰጠት በጀመረበት በ1997 ዓ.ም. አካባቢ ሕዝቡ «ዕድሜ ማራዘሚያ» ብሎ ሲጠራው ብዙ ባለሙያዎች ስሙ ተስፋ ያስቆርጣል በማለት ይነቅፉት ነበር። እኔ ግን ስሙን ያወጣው ሰው አስተዋይ ነበር እላለሁ፤ የማያድን ነገር «መድኃኒት» ሊባል እንደማይችል ቋንቋው ነግሮታል። ለማያድን ነገር በዕድሜ ልክ መታመን እንዴት ከባድ እንደሆነ በጠበል ቦታዎች የታየው ፈተና ምስክር ነው፤ በዚያ የተሰጠው ተስፋ «ትድናለህ» የሚል ነበርና ክኒኑን አስጥሎ የብዙ ሰው ሕይወት ቀጥፏል። ዛሬ ተመሳሳይ ነገር በደም ግፊትና በስኳር ሕመም እናያለን። ታካሚው ባላገሩ «ደም ብዛት» ለሚለው ሕመም ሦስት ወር ክኒን ይውጣል፤ ልኬቱ ይስተካከላል፤ እኛም ደስ ብሎን «በጣም ጥሩ ነው» እንለዋለን። እሱ የሚሰማው «ድነሃል» የሚለውን ነው፤ የዳነ ሰው ደግሞ መድኃኒት አይወስድም። በአራተኛው ወር አይመጣም። ሲመጣ ግማሽ አካሉ ሰንፎ በወሳንሳ ነው።

ለዚህ ሕመምተኛ የሚሆነው ቃል «ዳንክ» አይደለም፤ «ታማሚ ነህ» የሚለውም ቢሆን ጉልበቱን የሚሰብር ነው። «ክኒኑን እየወሰድክ ደኅና ትሆናለህ» ቢባል ግን የሚረዳው ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ደኅና መሆን ፍጻሜ ሳይሆን የሚውልና የሚያድር ነገር ነው። ደኅና ዋልክ፣ ደኅና አደርክ ስንል ነገሩ በየዕለቱ የሚታደስ መሆኑን እንናገራለን። ሁበርና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2011 በብዙ ድካም የደረሱበት፣ ማለትም የተሟላውን ትቶ ከሕመም ጋር ተስማምቶ መኖርን ጤና ማለት፣ በዚህ ቃል ውስጥ ቀድሞ አለ። ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅትን ትርጓሜ ለተማሪ ስናስተምር «ደኅንነት» የሚለውን «በአካል፣ በአእምሮና በማኅበራዊ ኑሮ ደኅና መሆን» ብለን ብንተካው እንግሊዝኛውን ይበልጥ የምንቀርብ ይመስለኛል። «የተሟላ» የሚለው ከ«ደኅና» ጎን ሲቆም እንደሚጎረብጥ አይካድም፤ ጉብጠቱ ግን በራሱ ለክፍል ውይይት የሚጠቅም ነው።

በመጠይቆች ላይም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የመንፈስ ጭንቀትን ለመለየት የሚያገለግለው የዘጠኝ ጥያቄ መጠይቅ አማርኛ ቅጂው በአዲስ አበባ በተመላላሽ ታካሚዎች ላይ ተፈትኖ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ታትሟል። በአምስት ጥያቄ ደኅና መሆንን የሚለካውም የዓለም ጤና ድርጅት መጠይቅ በልዩ ልዩ ቋንቋዎች ይሠራበታል። እንዲህ ያለ ቅጂ ሲዘጋጅ ቃል ለቃል መመለሱ ብቻ ሳይሆን «ደኅና» ተብሎ የተመለሰው የምስጋናው ይሁን የመረጃው «ደኅና» መለየት ይገባዋል። መጠይቁን ለሚያነብላቸው ሰው የሚሰጡት መልስና ለብቻቸው ሲቀመጡ የሚሰጡት ይለያይ እንደሆነ ማነጻጸር የሚችሉ የማዕረግ ተማሪዎች አሉን፤ ርእስ ለሚፈልጉት ይህን እጠቁማለሁ። ሥራውም በአማርኛ ብቻ መወሰን የለበትም። በአፋን ኦሮሞ «ፈያ» እና «ነጋ»፣ በትግርኛ «ጥዕና» እና «ደሓን» የየራሳቸው ድንበር አላቸው፤ አማርኛ ካሰመረው መስመር ጋር ይገጥማሉ ብሎ መገመት አይቻልም፤ በየአካባቢው የሚሠሩ ባልደረቦቼ ቢጽፉበት የዚህ መጽሔት አንባቢ በጉጉት ያነበዋል።